በቁሜ የተለቀሰልኝ ሐሙስ

የለቅሶ ንፍሮ ሲሸተው ሌላው ሰው የቀበረውን ያስታውሳል። እኔ ግን ራሴን ነው የማስታውሰው። ባለፈው ጥር አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ አርፈው ለቅሶ ልደርስ መካነ ሰላም ሄጄ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጥኩ አንዲት ልጅ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ እየዞረች እፍኝ እፍኝ ታድላለች። ተራዬ ሲደርስ መዳፌን ዘረጋሁ። ስንዴና ባቄላ ነው፤ ትኩስ ነው፤ ከእንፋሎቱ ጋር የጨውና የእንጨት ጭስ ሽታ ወደ አፍንጫዬ ወጣ። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ፣ "ብይ እንጂ፣ ሲበርድ አይጣፍጥም" አለችኝ። እኔ ግን ጨብጬው ቀረሁ። እንዲህ ያለውን ንፍሮ አንድ ጊዜ ለገዛ ራሴ ሞት በልቼው አውቃለሁ።

አትሳቂ፣ እነግርሻለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምን አስዋሸኝ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሰዉ እስካሁን "ክፉ ቀን" እያለ የሚጠራው ዓመት ነው። ዝናቡ ሁለት ክረምት አታሎን ነበር፤ መጣ መጣ ሲባል ደመናው ወደ ዓባይ በኩል ተሻግሮ ይሄዳል። ከቆላ የወጡ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ከተማችን ይመጡና ከፊሎቹ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር፣ ከፊሎቹ በመስጊዱ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። ሲቀመጡ እንጂ ሲነሡ ብዙ ጊዜ አላየንም። የእኛ ቤት ከእነሱ ይሻል ነበር። ይሻል ነበር ማለት በቀን አንዴ እንቀምሳለን ማለት ነው።

አባቴ በጭነት በቅሎ የሰው ዕቃ ከደሴ የሚያመላልስ ሰው ነበር። ሲሄድ ቅቤና ቆዳ ይጭናል፤ ሲመለስ ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና አቡጀዴ። በደረት ኪሱ ደግሞ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ልጁ አሰብ ወደብ የሚሠራ፣ ወንድሙ ወታደር ቤት የገባ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። አባቴ ራሱ ፊደል አይለይም። ደብዳቤው የማን እንደሆነ ደሴ ላይ ይነግሩትና በቃሉ ይዞት ይመጣል፤ አንድም ቀን ለማይገባው ሰው ሰጥቶ አያውቅም። አስረክቦ ሲጨርስ በቅሎዎቹን ያራግፋል፣ ይተኛል፣ በማግስቱ እንደገና መንገድ ነው። ደብዳቤውን ማን እንደሚያነብላቸው ጠይቆም አያውቅ።

አሁን የሞቱት ልብስ ሰፊ ያኔ ጎልማሳ ነበሩ፤ የከተማችን የቅሬ ዳኛም እሳቸው ነበሩ። ቅሬ እናንተ እድር የምትሉት ነው፤ እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀባበራል። ሱቃቸው በረንዳ ላይ የእግር መኪናቸውን ዘርግተው፣ ጠመኔ ጆሯቸው ላይ ሰክተው ሲሰፉ ይውላሉ። ወፍራም ነበሩ፤ በዚያ ዓመት እንኳ ቆዳቸው ተንጠለጠለ እንጂ ስፋታቸው አልቀነሰም። ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። የደንበኛውን ልክ በክር ይለኩና ቋጠሮ ቋጥረውበት ግድግዳው ላይ ከምስማር ይሰቅሉታል። የከተማው ሰው ትከሻና ወገብ ሁሉ እዚያ ተንጠልጥሎ ነበር።

እንግዲህ የድኻ ልጆችን በነፃ የሚያስተምር ማህበር ያቋቋሙት እኚህ ፊደል የማያውቁ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ከወግዲ ወዲያ ገጠር ሲኖሩ ከወንድማቸው ደብዳቤ ደርሷቸው፣ የሚያነብ አጥተው ሁለት ሳምንት በኪሳቸው ይዘው ዞሩ አሉ። በመጨረሻ ሲነበብ፣ ታምሜአለሁና ድረስልኝ የሚል ነበር። ደረሱ፤ ግን ለቀብሩም አልሆነ። ይህን ታሪክ ከእሳቸው አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ ሰው ነው የነገረኝ።

በማህበሩ አመራር ከእሳቸው ጋር ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ከደሴ የመጣች የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ቁመተ ረጅም፣ ቶሎ የምትቆጣ፣ ተቆጥታም ቶሎ የምትረሳ። ከሰዓት በኋላ ሥራዋን ጨርሳ ወደ እኛ ትመጣለች። ሌላው መሪጌታው ናቸው፤ ለትንንሾቹ ፊደል ያስቆጥራሉ። መጀመሪያ ሴት ልጅ አላስተምርም ብለው አኩርፈው ነበር፤ ልብስ ሰፊው፣ "የኔታ፣ ሴቶቹን ለእሷ ይተዉላትና ወንዶቹን ያስተምሩ" ብለው አስገቧቸው። ወር ሳይሞላ ሴቶቹንም ወንዶቹንም እኩል ይቆነጥጡን ጀመር።

ክፍላችን ከሱቁ ጀርባ ያለው የገለባ ማከማቻ ቤት ነበር። የጤፍ ገለባና የመኪና ዘይት ይሸታል። የጣራው ቆርቆሮ ብዙ ቦታ ተበስቷልና ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስታዘነብል ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ብርሃን ይወድቅበታል፤ መምህርቷ እየጻፈች ብርሃኑን ትሸሻለች፣ ብርሃኑ ይከተላታል። ከግድግዳው ወዲያ የልብስ ሰፊው መኪና ይንቀረቀራል። መኪናው ቀጥ ሲል እያዳመጡን እንደሆነ እናውቃለንና ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነባለን። አንድ ቀን መምህርቷ፣ "እርስዎስ ገብተው ለምን አይማሩም?" ብትላቸው፣ "እኔ በምቀመጥበት ሁለት ልጅ ይቀመጥበታል" አሏት።

ሰው የሚያሰባስቡበት ሌላ አሠራር አያውቁምና ማህበሩን የሚመሩት እንደ ቅሬ ነበር። ስም ይጠራል፤ የቀረ ይጠየቃል። አንድ ልጅ ያለ በቂ ምክንያት ሳምንት ከቀረ ደግሞ ሦስቱም ሥራቸውን ዘግተው፣ ሰሌን ተሸክመው፣ እቤቱ ደጅ ለቅሶ ይቀመጣሉ። አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። የቤቱ አባወራ መጥቶ እስኪጠይቃቸው ድረስ ቃል አይናገሩም፤ ደንባቸው ነው። ሲጠይቃቸው ልብስ ሰፊው፣ "አንድ ልጅ ጎድሎብን ለቅሶ ልንደርስ ነው" ይላሉ። አባትየው ያፍራል፣ ጎረቤት ይስቃል፣ ልጁ በማግስቱ ይመጣል። የአንዲት ሸክላ ሠሪን ልጅ እንዲህ አድርገው መልሰውታል። በጥጋብ ዘመን እንደ ጨዋታ ነበር የሚታየው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ አባቴ ከደሴ በእግሩ ተመለሰ። አንዷ በቅሎ መንገድ ላይ ሞታለች፤ ሌላዋን ሸጧታል። ሦስት ቀን ዝም ብሎ ተኛ። በአራተኛው ቀን እናቴን ጠርቶ በሹክሹክታ ሲያወራ ሰማሁት። ማዶ ደጎሎ ውስጥ ገብስ በጎተራው ያለው አንድ ሰው ለልጁ ሚስት ይፈልጋል፤ እኔን ሊሰጠኝ ቃል ገብቷል፤ የመጪው ሳምንት ቅዳሜ ወሳጄ ይመጣል። እናቴ ጡቷ ደርቆ ነበርና ትንሹን ወንድሜን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው ታዘዋውረዋለች፤ እሱ ያስላል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት አምስተኛ ክፍል የሚያስገባኝ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። መምህርቷ አልፋለሁ ብላ ለሁሉም ተናግራለች። አባቴ ግን፣ "ከዛሬ ጀምሮ ከቤት አትወጪም፤ ማንም ቢጣራ አትክፈቺ" አለኝ። መምህርቷ መጥታ እንዳትከራከረው ይመስለኛል፤ ለክርክር የሚሆን አቅም አልነበረውም። እኔ ግን ያኔ የገባኝ ሌላ ነው። አባቴ ሸጦኛል አልኩ። እንደ በቅሎዋ።

ከቀረሁ ሳምንት ሲሞላ፣ ሐሙስ ከሰዓት ሦስቱም መጡ። እናቴ ወንድሜን አዝላ ምንጭ ወርዳለች፤ አባቴ እንጨት ሊለቅም ወደ ገደሉ አፋፍ ሄዷል። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ በሩ ተቀርቅሯል። የግድግዳው ጭቃ በተላቀቀበት ቀዳዳ ሳይ ልብስ ሰፊው ሰሌኑን እያነጠፉ ነው። መሪጌታው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተቀመጡ። መምህርቷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች። ኋላ እንደ ነገረችኝ መንገድ ላይ፣ "ዘንድሮ እንኳ ይቅር፣ ሰው እውነተኛ ለቅሶ ላይ ነው" ብላቸው ነበር። ልብስ ሰፊው፣ "ዘንድሮ ዝም ያልን እንደሆነማ ማንን ልናስተምር ነው?" አሏት። ስህተቱ የእሳቸው ነበር። እስኪሞቱ ድረስም የእኔ ነው ይሉ ነበር።

ቀድማ ያየቻቸው ልጇ አሰብ ያለው ጎረቤታችን ናት። የታወቀች አልቃሽ ነበረች፤ ያለ እሷ ለቅሶ አይደምቅም። እኔን ካየችኝ ሳምንት አልፏል። ተስቦ ከተማው ውስጥ ገብቷል። የቅሬ ዳኛው፣ መሪጌታውና መምህርቷ ደጃችን ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል። ሌላ ምን ታስብ? እንስራዋን አስቀመጠችና ሁለት እጇን ከራሷ ላይ አድርጋ ጮኸች። "ወየው ልጄ፣ እኔን አፈር ያስበላኝ" አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የሚያቆመው ጠፋ። ሴቶቹ ከየጓዳው እየወጡ ደረቷን የምትመታው ትመታለች፣ መሬት ላይ የምትወድቀው ትወድቃለች። መሪጌታው ግራ ገብቷቸው ልብስ ሰፊውን ያያሉ፤ ልብስ ሰፊው እጃቸውን ያነሣሉ፣ ማን ያያቸዋል። መምህርቷ ደንቡን ጥሳ ተነሣችና፣ "አልሞተችም፣ ስሙኝ፣ አልሞተችም" አለች። ሴቶቹ፣ "እውነትሽን ነው እትዬ፣ እሷስ አልሞተችም፣ እኛ ነን የሞትነው" እያሉ አቅፈው አስቀመጧት። በሐዘን አብዳለች ብለው ውኃ አመጡላት።

እኔ ቀዳዳው ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። መውጣት ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ግን አትውጪ ተብያለሁ፤ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መስማት ፈለግሁ። ሰው ስለ እኔ ምን እንደሚል ሰምቼ አላውቅም ነበርና። አልቃሿ መሐል ገብታ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች፦

ልጄ ጽፎልኛል ከወደ አሰብ ወደብ፣
አንቺ ከሌለሽማ ከቶ እንዴት ይነበብ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። አንዷ፣ "የወንድሜን ደብዳቤ ስታነብልኝ በእሱ ድምፅ ነበር" አለች። ሌላዋ፣ "ክፉ ወሬ ሲኖርበት ቀስ አድርጋ ነበር የምትነግረኝ፣ የልጅ አዋቂ" አለች። ለካ ያንን አውቃብኛለች። አንድ ጊዜ ከወታደር ቤት የመጣ ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር ዘልዬባት ነበር፤ በማግስቱ ተመልሼ አነበብኩላት። ለራሴ አለቀስኩ። እንዲህ ያለች ጥሩ ልጅ መሞቷ አሳዘነኝ።

ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ንፍሮ መምጣት ጀመረ። በዚያ ዓመት ንፍሮ። ከሰፌዱ መሐል የማይደርስ፣ አንዷ እፍኝ ገብስ፣ አንዷ ጓያ፣ አንዷ ለዘር የደበቀችውን ሽንብራ። እናቶቹ ለልጆቻቸው ያልሰጡትን ለእኔ ሞት ቀቅለውት መጡ። ሽታው በቀዳዳው ሲገባ ረኀብና እፍረት አንድ ላይ ያዙኝ።

ያን ጊዜ አባቴ ከአፋፉ ብቅ አለ። የእንጨት ሸክሙን እንደያዘ ቆሞ ደጁ ላይ ያለውን ሰው አየ። ሸክሙን መቼ እንደጣለው አላየሁም፤ እየሮጠ ነበር። "ማነው? የማን ለቅሶ ነው?" አለ። አንድ ሰው ክንዱን ይዞ፣ "አብሽር ወንድሜ፣ ሴቷ ልጅህ ናት" አለው።

አባቴ መሬት ላይ ቁጭ አለና፣ ለማንም ሳይሆን፣ "ደጎሎ እህል ነበረ'ኮ" አለ። "ሁለት ቀን ብትቆይልኝ ደጎሎ እህል ነበረ። እንዳትሞትብኝ ብዬ'ኮ ነው።" ይህንኑ ደጋግሞ ተናገረ። ድምፁ የእሱ አይመስልም።

መቀርቀሪያውን ያነሣሁት ያኔ ነው። በሩ ሲጢጥ ሲል ሰዉ ሁሉ ዞረ። ብርሃኑ ዓይኔን ወግቶኝ ደፉ ላይ ቆምኩ። መጀመሪያ የደረሰችብኝ አልቃሿ ናት። በጥፊ መታችኝ። ከዚያ አገላብጣ ሳመችኝ። "ወላሂ፣ ያን ሁሉ ዕንባዬን በላሽው" አለችኝ። ክርስቲያን ናት፤ እኛ አገር በወላሂ መማል ሃይማኖት አይጠይቅም።

አባቴ አልነካኝም። ሩቅ ሆኖ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ፤ ፊቱን በጋቢው ጠረገና ወደ ሰሌኑ ዞረ። "ማን ሞተ ብላችሁ ነው ደጄ ላይ የተቀመጣችሁት?" አላቸው።

ልብስ ሰፊው ተነሡ። ላብ በላብ ሆነዋል። "ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር በለኝ" አሉት። "ከትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ጎደለችብን። እንዲህ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።"

"እኔ ቤት እህል የለም። እዚያ ማዶ አለ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?"

ልብስ ሰፊው ላባቸውን በእጃቸው ጠረጉ። "እኔም ጋ የለም" አሉ። "ለልጅቷ ማኖሪያ የምሰጥህ ምንም የለኝም።" ይህን ስላሉ እስከ ዛሬ አከብራቸዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ስለ ትምህርት ጥቅም ይሰብከው ነበር።

አባቴ ግን ወደ አልቃሿ ዞሮ ነበር። "ምንድነው ስትዪ የነበረው? ስለ ደብዳቤ?"

"ልጄ ከአሰብ የሚልከውን ነዋ። አንተ የምታመጣልኝን።"

"እሷ ናት የምታነብልሽ?"

"እሷ ናታ። ለእኔ ብቻ ነው እንዴ፣ ለሰፈሩ ሁሉ። አታውቅም እንዴ?"

አባቴ አያውቅም። እሱ ሲያራግፍና ሲተኛ ነው እኔ የማነብላቸው። "ስንት ዓመት ተሸክሜ መጣሁ" አለ፣ አሁን እኔን እያየ። "አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚል አልነገርሽኝም።" አልጠየቅከኝም ልለው ፈልጌ ነበር። በደረት ኪሱ ሲያሻሽ ቆየና አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። ከመጨረሻው መንገድ የተረፈ፣ በቅሎዋ ስትሞት የረሳው ደብዳቤ ነው። ለአልቃሿ ሰጣት፤ እሷ ለእኔ ሰጠችኝ። ቆሜ አነበብኩት። ልጇ ደኅና ነው፤ ወደቡ ሞቃት ነው፤ እናቱ ጎመን በድንች ስትሠራ በሕልሙ አይቷል። አባቴ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ የሩቅ ድምፅ እንደሚያዳምጥ ሰው፣ እስከ መጨረሻው ሰማ።

ንፍሮው ሰፌድ ላይ ቀዝቅዞ ነበር። አባቴ፣ "ውሰዱት፣ ለልጆቻችሁ" ቢል ሴቶቹ እሺ አላሉም። ለቅሶ ቤት የገባ እህል ተመልሶ አይወሰድም። እየራባቸው እንቢ አሉ። ያን ጊዜ ነው መሪጌታው የተነሡት፤ በጠቅላላው ውሎ ከእሳቸው የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። "ለሞተች አምጥታችሁት ነበር፤ አልሞተችም። እንግዲያስ ከነጓደኞቿ ይብሉት።" ሰፌዱን አንስተው ወደ ገለባው ቤት አመሩ። ልጆች ተከተሏቸው፤ አጥር ሥር ያሉት የስደተኞቹ ልጆችም ተከተሏቸው። የሞቴን ንፍሮ ከሰሌዳው ሥር ተቀምጠን በላነው። መምህርቷ እየሳቀችና እያለቀሰች ለእያንዳንዳችን ታፍስ ነበር።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው ቅሬውን ሰበሰቡ። ክፉው ቀን እስኪያልፍ ድረስ እያንዳንዱ ቤት ሰው ሲሞት የሚያመጣውን ያህል፣ እፍኝም ብትሆን፣ በየተራ ለገለባው ቤት እንዲያመጣ ጠየቁ። ተከራከሩ፤ ግማሹ አኮረፈ። ሆኖም እህሉ መጣ። አንዳንድ ቀን ውኃው ብቻ የሚፈላበት ጊዜ ነበር። ግን በዚያ ድስት ምክንያት ወላጅ ልጁን ከትምህርት ማስቀረት ትቶ መላክ ጀመረ።

ቅዳሜ የደጎሎው ሰው በቅሎ ይዞ መጣ። አባቴ ደጅ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። አባቴ ቃሉን አጥፎ የማያውቅ ሰው ነው፤ ውሸትም አይችልበትም። "ምን ልበልህ" አለው። "ሐሙስ ዕለት ለቅሶዋን ተቀምጠናል። ሀገሩን ጠይቅ።" ሰውየው ባርኔጣውን አወለቀ። ገበያ ወርዶ ጠየቀ፤ አዎን፣ ተለቅሷል አሉት። አላህ ያብሽራችሁ ብሎ ተመልሶ ሄደ። አባቴ ማታ ላይ፣ "አንድ ቃል አልዋሸሁም" አለ። እናቴ ከስንት ወር በኋላ ሳቀች። ከዓመታት በኋላ ያ ሰው ደጎሎ ገበያ ውስጥ ድንገት አይቶኝ ጭው አለበት፤ ሮጬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ሁሉም ተረፈ እንዳልልሽ ደግሞ አልተረፈም። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ የካቲት ላይ በተስቦ ሞተ። ሦስቱም ያንኑ ሰሌን ይዘው ሄዱ። ወንድሜ ግን ኖረ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል።

ከዚያ ዝናቡም መጣ፣ አብዮቱም መጣ። ንጉሡ ወረዱ ሲባል በሬዲዮ ሰማን። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘማች ተማሪዎች የገለባውን ቤት ተረከቡን፤ አንዱ፣ "የትምህርት ማህበር ሊቀመንበር ማንበብ አይችልም?" ብሎ ሲስቅ ልብስ ሰፊው አብረውት ሳቁ። ማህበሩ በዚያው ፈረሰ። መምህርቷ ተዛውራ ሄደች፤ ሁለት ደብዳቤ ጻፈችልኝ፣ ሦስተኛው አልመጣም። ብዙ ጠየቅሁ። እስካሁንም አንዲት ረጅም ሽማግሌ ሴት ከኋላ ሳይ እግሬ ይፈጥናል። መሪጌታው ወደ ደብራቸው ተመለሱ፤ እዚያው አረጁ።

እኔ ፈተናውን አለፍኩ፤ መምህርት ሆንኩ። አዋቂ ሁሉ ይማር የተባለበት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና አላበቃም ነበርና እዚያው መካነ ሰላም ተመደብኩ። የመጀመሪያው ቀን ከፊት አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ልብስ ሰፊው ናቸው። እንደፈሩት የሁለት ሰው ቦታ ያዙ። እርሳሱን እንደ መርፌ ነበር የሚይዙት። አንድ ጊዜ ተከታታይ ቀናት ቀሩ፤ ሥራ በዛብኝ ብለው ላኩብኝ። ሰሌን ተሸክሜ ሄድኩና ሱቃቸው በረንዳ ሥር፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ቁጭ አልኩ። ቃል አልተናገርኩም። መኪናው ትንሽ ተንቀረቀረ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። "ያ ረቢ፣ ሰዉ ሞተ ብሎ ንፍሮ ሳያመጣብኝ ተነሽ" አሉ። ጠመኔውን ከጆሯቸው እያወረዱ ወጡ። በዚያው ዓመት ክሮቹ ከግድግዳው ላይ ወርደው ደብተር መጣ።

ባለፈው ጥር እንግዲህ ለሁለተኛ ጊዜ ደጃቸው ላይ ተቀመጥኩ። ድንኳኑ የተተከለው እዚያው በረንዳ ፊት ነው። ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እኔ በሩን በሩን አያለሁ። ጅልነት ነው፤ ግን ሰው ሞተ ተብሎ ከተለቀሰለት በኋላ በር ከፍቶ ሲወጣ በራሴ አይቻለሁና ትንሽ ጠበቅሁ። ንፍሮው መዳፌ ውስጥ ቀዘቀዘ። ከለቅሶ ቤት ተመልሶ አይወሰድም፤ አንድ በአንድ በላሁት።